ሻምበል ካስፐር ያልተረጎመው

ኮቱ አልቆለፍ አለ።

«ተይ አትታገዪው፤ ከጀርባ ቅደጂው» አለች አክስት ቴክላ። በአንድ እጇ የሟች ወንድሟን ትከሻ ደግፋለች፤ በሌላው ዝንብ ታባርራለች። «ጀርባውን ማን ያያል? የሳጥኑ ጣውላ ነው የሚያየው።»

ዩስቲና መቀሱን አነሳች። ሰማያዊው የሻምበልነት ኮት አሥራ አምስት ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ብል እንኳ አልነካውም፤ አባቷ ነበር ኮቱን ትቶት የወፈረው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ባንድ ትንፋሽ ቀደደችው። የጨርቁ ድምፅ ከትናንት ንጋት ጀምሮ በዚያ ቤት ከተሰማው ሁሉ ከፍ ያለ ነበር። ሰዓቱ ቆሟል። መስተዋቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። ነፍስ መውጫ እንዳታጣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፍሲቱ ወጥታ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ አየር ግን አንድም አልገባም። ነሐሴ ነው፤ ቴክሳስ ነው። ሬሳው ከተኛበት ጠረጴዛ ሥር ከሰልና ኮምጣጤ የያዙ ሦስት ጎድጓዳ ሳህኖች ተቀምጠዋል። ነገ ረፋድ ላይ ካልተቀበረ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል፤ አላነሱትም።

«አየሽ፣ አሁን ሙሽራ መሰለ» አለች ቴክላ ኮቱን ከፊት ለፊት ቆልፋ ስትጨርስ። «ሆዱን እንኳ አልሳበም። ድሮም ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነበር የሚስበው።» ሣቀች፤ ሣቋ መሀል ላይ ተቆረጠና በሽርጧ አፍንጫዋን ጠረገች።

ሺሞን የገባው ያኔ ነው። የመንደሩ መዝሙር መሪ ነው፤ ቄሱ ከሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ስለሚመጡ መንደራቸው ሊፖቬ የሞተባትን ሁሉ የሚሸኘው እሱ ነው። ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ በሩ ላይ ቆመ።

«ባርባራ እምቢ አለች።»

«ምኑን ነው እምቢ ያለችው?» አለች ቴክላ።

«መልሱን።»

ቴክላ የያዘችውን ጨርቅ ጣለች።

ከፖላንድ መርከብ ተሳፍረው፣ ከወደቡ እስከዚህ ወንዝ ዳር በእግራቸው የመጡት ሰዎች ከአገር ቤት ብዙ ነገር ይዘው መምጣት አልቻሉም፤ ይህቺን ልማድ ግን ይዘዋታል። ሬሳ ከቤት ከመውጣቱ በፊት መዝሙር መሪው ከሳጥኑ ራስጌ ቆሞ በሟቹ ስም ጎረቤቱን ሁሉ ይቅርታ ይለምናል። «በቃልም በሥራም በድዬአችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ» ይላል። ሰው ሁሉ «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብሎ ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ነው። ከዚያ ሳጥኑ ተነስቶ የበሩን ደፍ ይሻገራል። አንድ የመንደር ሰው እንኳ ካልመለሰ ግን አይሻገርም። መንደሩ ከተቆረቆረ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አልመልስም ያለ ሰው ታይቶ አያውቅም። ሌባው ዮኻን እንኳ ላማቸውን የነዳባቸው ሰዎች አልቅሰው ይቅር ብለውት ነው የወጣው።

«በትክክል ምን አለች?» አለች ዩስቲና።

«ያልነገሩኝን ይቅር አልልም አለች። ሄጄ ለመንኳት። በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። እኔ ፊት ላይ! ልጇን ቶሜክን ክርስትና ያነሳሁት እኔ!»

«ወይ ይቺ አሮጊት!» አለች ቴክላ። «ልጇ በንዳድ ሞተ፤ ካስፐር ምን ያድርግላት? ንዳዱን በጥፊ ይምታላት? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ! ሌላው ከዚህ የሄደውስ? ሰባት ወደ ጦርነቱ ሄደው የተመለሰው ካስፐር ብቻ ነው። ሌሎቹ እናቶች አፋቸውን ዘግተው አልቅሰው ተቀመጡ።»

ዩስቲና የአባቷን እጅጌ አስተካከለች።

ቶሜክን የገደለው ንዳድ እንዳልነበረ በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በእመቤታችን ሥዕል ላይ እጁን ጭኖ፣ ለማንም፣ ይልቁንም ለባርባራ አልናገርም ብሎ ምሏል። ያ ሰው እሷ ናት።

ከቀትር በኋላ ለቀስተኛው ጎረፈ። ሴቶቹ የበቆሎ ዳቦና ያጨሱትን ቋሊማ ይዘው ገቡ፤ ወንዶቹ ውስኪያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቀሩ። ሴቶቹ በሟች ፊት ያንሾካሹካሉ፤ ወንዶቹ ግን መስኮቱ ክፍት ቢሆንም የሚሰሙ አልመሰላቸውም።

«እኔ ያን እሁድ አልረሳውም» አለ ከመካከላቸው ጃሽኮ የሚሉት አንጥረኛ። ነገ ሳጥኑን ከሚሸከሙት ስድስቱ አንዱ ነው። «ያን እሁድ ሻምበሉ ባይኖሩ ዛሬ እዚህ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።»

ያን እሁድ ዩስቲናም ታስታውሰዋለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ካለቀ ዓመት ሆኖታል። የደቡብ ግራጫ ለባሾች ተሸንፈው ከብት ነጂ ሆነዋል፤ የሽንፈታቸውን ንዴት የሚወጡት ግን እንግሊዝኛ በማያውቁት በእነዚህ ገበሬዎች ላይ ነበር። በቅዳሴ መሀል አሥር የሚሆኑ ፈረሰኞች መጥተው ደወሉን በጥይት እየመቱ ያስጮሁት ጀመር። ሴቶቹ ወንበር ሥር ገቡ። አባቷ ከመቀመጫው ተነሳ፤ የሰሜኖቹን ሰማያዊ ኮት ቆለፈ፤ ያኔ ይቆለፍ ነበር። ጠመንጃ አልያዘም። ወጥቶ የመጀመሪያውን ፈረስ ልጓም ያዘና ለብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ አወራ። ፈረሰኞቹ ሄዱ።

«ምን አልካቸው?» ብለው ሲከቡት «ደህና ዋሉ አልኳቸው» አለ፤ ሰዉ ሣቀ፤ እየሣቀም አለቀሰ።

ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ከአባቷ በቀር እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው በመንደሩ አልነበረምና። ፍርድ ቤት ሲሄዱ እሱ ነው፤ መሬት ሲገዙ እሱ ነው፤ ሐኪም ሲመጣ እሱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አሉ ያለው አሉት ነው፤ ገበሬው አለ ያለው አለው ነው። ሊፖቬ አንድ አፍ ነበራት፣ ያም የካስፐር ቪልቾክ አፍ ነበር።

ዩስቲና ግን አንድ አፍ አልበቃትም። ቤታቸው በጣውላው ስንጥቅ አቧራ እንዳይገባ ግድግዳው ባሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር፤ እሷ ያንን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አስተማሪ አልነበራትም፤ ከአልጋው ራስጌ ያለውን የሣሙና ማስታወቂያ ከምድጃው ጎን ካለው የሣሙና ማስታወቂያ ጋር እያስተያየች ፊደሉን ፈታችው፤ የቃላቱን ድምፅ ደግሞ አባቷ ከነጋዴዎች ጋር ሲያወራ እየሰማች ለቀመች። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ አባቷን ተከትላ ፍርድ ቤት ገባችና የተረጎመውን ሰማች። ዳኛው ገበሬውን ሰደቡት፤ አባቷ «ዳኛው ሰላም ብለውሃል» አለ። ገበሬው ዳኛውን ረገመ፤ አባቷ «ክቡርነትዎ ይመስገኑ ይላል» አለ። ስትወጣ «ለምን ሌላ አልክ?» አለችው። አባቷ ቆም ብሎ ትክ ብሎ አያት። «አስተርጓሚ የሚከፈለው ሰው እንዳይሞት ነው» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ፍርድ ቤት አልወሰዳትም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ባርባራ ቤት ሄደች። አሮጊቷ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቀና ብላም አላየቻትም።

«ላኩሽ?»

«እኔን የሚልክ የለም።»

«ይሄንንስ አምናለሁ። ከእናትሽ ሆድ ስትወጪም እየተጨቃጨቅሽ ነው የወጣሽው፤ ያዋለድኩሽ እኔ ነኝ።»

«እትዬ ባርባራ፣ ሙቀቱን እያዩት ነው። ነገ ካልተቀበረ...»

«ልጄም ሳይቀበር አልቀረም፤ ወይም አልተቀበረም። እኔ ምን አውቃለሁ?» አንድ ፍሬ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ፤ በእግሯ ያዘችው። «ተቀመጪ። እንደ ዳኛ ላዬ ላይ አትቁሚብኝ።»

ዩስቲና ከውሃው በርሜል አጠገብ ተቀመጠች።

«ጦርነቱ ያለቀ ጊዜ አባትሽ እዚህ፣ አንቺ ያለሽበት ቆመ። 'ቶሜክ በንዳድ ሞተ' አለኝ። ሦስት ቃል። ስንት ቀን ታመመ አልኩት። ዝም። ይቃዥ ነበር ወይ? ዝም። እናቴ አላለም? በርሜሉን አየና 'ውሃሽ አልቋል እኮ' አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከወንዙ ውሃ በጋሪ አመጣልኝ። አሥራ ስድስት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ አልጎደለም። ሻምበል ነው ሰውየው! መንደሩ ባርኔጣውን የሚያነሳለት ሰው ለእኔ ውሃ ይቀዳል። በንዳድ ለሞተ ልጅ እናት ይህን ያህል ውሃ የሚቀዳ ማን ነው? ማንበብ አልችልም እንጂ ደደብ አይደለሁም።»

«ታዲያ ውሃውን ለምን ይቀበሉት ነበር?»

«ይጠማኛላ።»

ባርባራ ባቄላውን ወደ ጎን አደረገችው።

«ስሚኝ ልጄ። አልጠላሁትም። ይቅር ልለው እፈልጋለሁ፤ ደክሞኛል። ግን ሺሞን ያን 'በቃልም በሥራም' የሚለውን ሲያነበንብልኝ፣ አፉን የተሰፋ ጆንያ አምጥቶ ተሸከሚ እንደማለት ነው። ድንጋይ ይሁን ላባ በምን አውቃለሁ? ፈትታችሁ አሳዩኝ። ከዚያ ጀርባዬ ቻለም አልቻለም የእኔ ጉዳይ ነው።» ዓይኗን አነሳች። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም» አለች ዩስቲና፤ ስትልም በርሜሉን አየች።

«አየሽ?» አለች ባርባራ። «አባትሽም ወደዚያው ነበር የሚያየው።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ አልገፋ አላት።

ከሦስት ዓመት በፊት በገና ሰሞን ከሰሜን፣ ከኢሊኖይ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። የድሮ ጓዶቹ ማኅበር ነው፤ እያንዳንዱ መኮንን በሥሩ የነበሩት ወታደሮች እንዴት እንደሞቱ ጽፎ እንዲልክ ይጠይቃል። አባቷ መናገር እንጂ መጻፍ አይሆንለትም፤ እሷ ብዕር ይዛ ተቀመጠች። አሥራ አንዱን እንደ ጥቅስ በቃሉ ተወጣቸው። እከሌ በተቅማጥ። እከሌ ወንዝ ሲሻገር። እከሌ ደረቱን ተመትቶ። ቶሜክ ጋ ሲደርስ ተነስቶ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ፤ እንጨት ግን አላነሰውም ነበር።

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ተናገረ። ከሊፖቬ ሰባቱም ወደው ሳይሆን ተገደው ግራጫውን እንደለበሱ፣ አንድ የወንዝ ምሽግ ሲወድቅ ሁሉም በሰሜኖቹ እንደተማረኩ። ይህን መንደሩ ያውቀዋል። የእስረኞቹ ሰፈር በረዶ ላይ እንደነበረ፣ ጠዋት ጠዋት የሞተውን ከሕያው ለመለየት በእግር ይነኩ እንደነበር። ለሰሜን የማለ ብርድ ልብስ፣ ዳቦና ፈረስ እንደሚያገኝ ተነገራቸው። ካስፐር በአገር ቤት የፕራሻ ጦር ውስጥ አሥር አለቃ ነበር፤ እንግሊዝኛም ለቃቅሟል፤ አስተርጓሚ አደረጉት። ስድስቱ ማሉ። ቶሜክ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና እናቱ ያለችውን ያስብ ነበር። «በመስቀሉ ላይ አንዴ ለግራጫዎቹ ምያለሁ፤ ሁለቴ አይማልም» አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ሌላ ሌሊት አያድርም።

«ታዲያ ምን አደረግክ?» አለች ዩስቲና።

«መሐላ አይደለም አልኩት። የዳቦ መዝገብ ነው፤ እጅህን አንሳና ስምህን ተናገር አልኩት። አነሳ።»

እስከዚህ ድረስ ብዕሯ አልቆመም። ቀጥሎ የነገራትን ስትጽፍ ግን ቆመ። ሲጨርስ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ምድጃው ውስጥ ጨመረና «በንዳድ ብለሽ ጻፊ» አለ። ከዚያ ሊያስምላት የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳው አወረደ።

ያን ማታ ለሟቹ ሲዘመር ቴክላ ወጥ ቤት አገኘቻትና ክንዷን ያዘች። መዝሙሩ ጣራውን ያነሳዋል።

«አንቺ የሆነ ነገር ታውቂያለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትደብቂ አገጭሽ ወደ ላይ ይወጣል።»

«ሙቀት ነው አክስቴ።»

«ምንም ይሁን ምን ያዢው። ወንድሜ ሻምበል ሆኖ ተኝቷል። ሌላ ነገር ሆኖ እንዳይቀበርብኝ። ሰው ከሞተ በኋላ ራሱን መከላከል አይችልም፤ ገባሽ?»

«ባርባራስ? እሷ በሕይወት ስላለች ራሷን መከላከል ትችላለች?»

«አፍሽ!» አለች ቴክላ። «ይኸው አፍሽ ነው ባል ያሳጣሽ።»

«አፌን የሚፈራ ባል ምን ያደርግልኛል?»

ቴክላ ክንዷን ለቀቀችው። ጥፍሮቿ ምልክት ትተው ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሳጥኑ ተከደነ። መከደኑ የግድ ነበር፤ ኮምጣጤው አቅቶታል። ሴቶቹ አፍንጫቸው ላይ መሐረብ ይዘዋል። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃሉ፤ ደወሉ ሁለት ጊዜ ተደውሏል። ስድስቱ ተሸካሚዎች በሁለት በኩል ቆመዋል፤ ጃሽኮ ፊት ለፊት ቀኙን ይዟል።

ባርባራ ጥቁር ለብሳ መጣች። ሰዉ እፎይ አለ። መጣች ማለት ትመልሳለች ማለት መስሏቸው መንገድ ከፈቱላት። እሷ ግን ወደ ሳጥኑ አልሄደችም። የበሩ ደፍ ላይ ዞራ፣ ፊቷን ወደ ቤት፣ ጀርባዋን ወደ ፀሐይ አድርጋ ቁጭ አለች። ጉልበቷን አቀፈች።

ሺሞን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎረቤቶቼ፣ እኔ ካስፐር ዛሬ ከእናንተ እለያለሁ። በቃልም በሥራም በድዬአችሁ እንደሆነ፣ ስለ ክርስቶስ ብላችሁ ይቅር በሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልህ!» አለ ቤቱ።

ሁሉም ወደ ደፉ አየ። ባርባራ አፏን አልከፈተችም።

ሺሞን ሁለተኛ ለመነ። ቤቱ መለሰ። ሦስተኛ ለመነ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። ቤቱ መለሰ። አሮጊቷ እንደ ድንጋይ ናት።

«ባርባራ» አለ ሺሞን። «በልጅሽ ስም...»

«በልጄ ስም አትለምነኝ። ልጄ ምን እንደሆነ ንገረኝና በስሙ ለምነኝ።»

«በንዳድ ነው የሞተው!» አለ ጃሽኮ። «ስንት ጊዜ ይነገርሽ? አንሷትና ጥግ አስቀምጧት!»

«አንሳኝ» አለች ባርባራ። «ና። ግን ተጠንቀቅ፤ ስትወለድ ያጠብኩህ እኔ ነኝ፤ ምን እንዳለህና እንደሌለህ ለሰዉ እነግራለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሣቅ አመለጠው። ጃሽኮ ቀላ። ሣቁ ቶሎ ሞተ፤ ዝንቡ ብቻ ቀረ። ከሳጥኑ ሥር አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያየችው ዩስቲና ብቻ ነበረች፤ አባቷ እየፈሰሰ ነው።

ወጥታ በሳጥኑና በደፉ መካከል ቆመች።

«ንዳድ አልነበረም» አለች።

«ዩስቲና!» አለች ቴክላ።

«ላለመናገር ምያለሁ። ቶሜክ መሐላውን ላለማፍረስ ሞተ፤ ለመሐላ አንድ ሰው ይበቃል።» ከባርባራ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ዓይኖቻቸው እኩል ሆኑ። የዳቦ መዝገቡን ነገረቻት። እጁን እንዴት እንዳነሳ ነገረቻት። አሮጊቷ አልተነቃነቀችም።

«በማግስቱ ሰማያዊ ኮት ሲሰጡት ገባው። አባባን ለሦስት ወር አላናገረውም። በዓመቱ ተራራ ላይ በረዶ ውስጥ ግራጫዎቹ ከበቧቸውና ተማረኩ። ከግራጫው ከድቶ ሰማያዊ የለበሰ ሰው እንዳለ ሰምተዋል፤ ከዳተኛ ፍርዱ ጥይት ነው። አሰለፏቸው። እያንዳንዱን መጽሐፍ ላይ እጁን እያስጫኑ 'ግራጫ ለብሰህ ታውቃለህ?' ይሉታል። አባባ በዋዜማው ሁሉንም 'ከመርከብ የወረድኩት አምና ነው በሉ' ብሎ አስተምሯቸው ነበር። ተራው ሲደርስ እሱ ማለ። በሐሰት ማለ።»

«ቶሜክስ?»

«ቶሜክ እጁን መጽሐፉ ላይ አላደርግም አለ።»

ባርባራ ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። «ቀጥዪ።»

«ግራጫው መኮንን ምን እያለ ነው ብሎ አባባን ጠየቀው። ተርጉም አለው። ቶሜክ በእኛ ቋንቋ ተናገረ። 'ካስፐር፣ ንገራቸው። መሐላ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ የዳቦ ነው ብለኸኝ ነው በላቸው' አለ።»

ከኋላ የቆሙት ጠጋ አሉ።

«አባባ ይህን ቢተረጉም ልጁ ምናልባት ይተርፋል። ያታለለው ማን እንደሆነ ግን ይጠይቃሉ። ከቴክሳስ መምጣቱ ይታወቃል፤ እሱም ይሞታል።» ዩስቲና ሳጥኑን ዞር ብላ አየች። «አባባ መኮንኑን 'ውሃ ጠምቶኛል ይላል' አለው።»

«ውሃ» አለች ባርባራ።

«አመጡለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ ግንቡ ወሰዱት።»

ጃሽኮ የሳጥኑን እጀታ ለቀቀ። ባርኔጣውን አነሳና ማንንም ሳያይ በወጥ ቤቱ በር ወጣ። ሌሎቹ አምስቱ አልሄዱም፤ ወለል ወለሉን ግን ያያሉ። ቴክላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን የእሁድ ታሪክ ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ማንም አያወራውም። ዩስቲና ይህን አውቃ ነበር አፏን የከፈተችው፤ ይህን ያህል ቶሎ እንደሚሆን ግን አላወቀችም።

«ሁሉንም ጠጣው?» አለች ባርባራ።

«ሁሉንም። ጣሳውን መለሰና በእንግሊዝኛ አመሰግናለሁ አለ። የሚያውቃት አንድ ቃል እሷ ነበረች።»

ባርባራ መዳፏን አየች። «እኔ ነኝ ያስለመድኩት። ገና ትንሽዬ ሆኖ፣ ሰው ምንም ቢሰጥህ ሳታመሰግን እንዳትቀበል ብዬ... በጥፊ መትቼዋለሁ ለዚህ ነገር። አንዴ በጥፊ መትቼዋለሁ።»

አሮጊቷ ሳጥኑን አየችው፤ ረጅም ጊዜ፣ ሰው በርቀት የሚመጣን ሰው ማንነት ለመለየት እንደሚያየው። ደወሉ ለሦስተኛ ጊዜ ተደወለ።

«ባርባራ» አለ ሺሞን ቀስ ብሎ። «መልሱስ?»

«የይቅርታው ባለቤት እኔ አይደለሁም። ቶሜክ ነው። ይሂድና ራሱን ይለምነው፤ አሁን እንኳ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።»

«እንዲህ ያለ መልስ ሥርዓቱ ላይ የለም።»

«እንግዲህ አሁን አለ።»

ሺሞን በመጨረሻ ለተሸካሚዎቹ ራሱን ነቀነቀላቸው። አምስቱ ጎንበስ አሉ። ስድስተኛው ቦታ ባዶ ነበር፤ ሊሞላው የተንቀሳቀሰ ወንድ አልነበረም። ዩስቲና ከተንበረከከችበት ተነሳች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ገባች። «ሴት ልጅ...» ማለት ጀመረ አንዱ። «ዝም ብለህ አንሳ» አለችው። አነሱ።

አባቷ ከባድ ነበር። ጣውላው ጉንጯ ላይ ተለጠፈ፤ አንገቷን ወደ ጎን ስለጠመዘዘው ከወለሉ በቀር የምታየው የለም። የባርባራ እግሮች ደፉ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አልተነሱም። ትከሻዋ ሊከዳት ጀመረ። ባርባራ ካልተነሳች ሳጥኑን አውርደው እንደገና ያነሱት ይሆን ብላ አሰበች፤ እንደገና እንደማታነሳው ታውቃለች።

ጥቁሩ ቀሚስ ተንቀሳቀሰ። አሮጊቷ የበሩን መቃን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ብድግ አለች። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደች። ከዚያ ተመለሰች። ዩስቲና ከሳጥኑ ሥር የባርባራን ጉልበቶች ሲታጠፉ አየች፤ ከዚያ እጆቿን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያንን ውሃ ከበርሜሉ የቀዱትን እጆች። የሽርጧን ጫፍ ይዛ፣ ሳጥኑ ከማለፉ በፊት፣ የተቀመጠችበትን ደፍ አቧራ ጠረገች። ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ፤ ጥግ ላይ የቀረውን ደግሞ በአውራ ጣቷ።